ሰው ሠራሹን ጥርስ ከቁንጅና ሕክምና ለዩልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከአቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ በጨርቃ ጨርቁ፣ በብረታ ብረቱ፣ በምግብና በመለዋወጫው ፋብሪካ ጉልበታቸውን የጨረሱ ጡረተኞች በየቤቱ አሉ። ከእነሱ ጋር ማዕድ የቀረበ ሰው የሚያየው ነገር አለ። ሥጋ ሲቀርብ ብዙዎቹ በወጡ ብቻ ያጠቅሳሉ፤ ቆሎ ሲዞር "ጠግቤያለሁ" ብለው ያሳልፋሉ። ጠግበው አይደለም፤ የሚያኝኩበት ጥርስ የላቸውም። ለሽምግልና የተጠራ አዛውንት አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሲናገርም አይቻለሁ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ተመላላሽና ተኝቶ መታከምን ሸፍኖ ጥቂት ነገሮችን ውጭ አስቀረ። ከቀሩት መካከል ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አንዱ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስም ከዚያው ጎን ተመደበ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ለውበት እንጂ ለጤና አይደሉም ተብሎ ነው። እኔ የምቃወመው ይህን ምደባ ነው።

የመድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል የደረሰ ሰው (ለእኛ አካባቢ ሪፈር ማለት ብዙ ጊዜ ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው) የታመመ ጥርሱን ሲያስነቅል እንደማንኛውም ሕመምተኛ ይስተናገዳል። የመጨረሻው ጥርሱ በተነቀለ ማግስት ግን ጉዳዩ ከሕክምና ወጥቶ የመዋብ ጉዳይ ይሆናል። መንቀሉ ሕክምና ከሆነ የተነቀለውን መተካትም የዚያው ሕክምና ቀሪ ግማሽ ነው። ማኘክ ያቃተው አዛውንት ቀድሞ የሚተወው ሥጋውን፣ ጥሬውን፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን ነው፤ የሚቀሩለት ሽሮ ፍትፍት፣ አጥሚትና በሻይ የራሰ ዳቦ ናቸው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ አያሻም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች 23 በመቶ ያህሉ ጥርሳቸውን ሙሉ በሙሉ እንዳጡ ይገምታል። ይህን ሁሉ ሰው ቁንጅና ፈላጊ ማለት አይቻልም።

ወደ ገንዘቡ ከመግባቴ በፊት ስለ ሥራው ጥቂት ልበል፤ ዋጋው የሚገባን ሥራው ሲገባን ነው። የላይኛው የሚወልቅ ጥርስ ላንቃን ይዞ ስለሚጣበቅ ብዙ ሰው ይለምደዋል። አስቸጋሪው የታችኛው ነው። የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስ ያነሳዋል፣ ጥርስ የሌለበት የመንጋጋ አጥንትም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሲሄድ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ይወላለቃል። በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እንደ ብሎን የሚተከለው ኢምፕላንት የመጣው ለዚህ ችግር ጭምር ነው። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ካከመ ወዲህ ሥራው ዓለምን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የታችኛው ጥርሱ ላለቀ ሰው ተቀዳሚው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንቶች ላይ የሚያርፍ የሚወልቅ ጥርስ መሆን አለበት ብለው ተስማምተዋል። ሁለት ብቻ! ብዙ ቤተሰብ ግን ኢምፕላንት ሲባል በእያንዳንዱ ጥርስ ቦታ አንድ ብሎን የሚተከል ይመስለውና ገና ሳይጠይቅ ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን ስለ ወጪው። አንድ ጎረቤቴ ዋጋ ጠይቀው የተነገራቸውን ይዘው ልጆቻቸውን አስተባበሩ፤ ገንዘቡም ሞላ። ብሎኑ ከተተከለ በኋላ ግን የተነገራቸው ዋጋ የብሎኑ ብቻ እንደነበር፣ በላዩ የሚገጠመው ጥርስ ለብቻው እንደሚከፈልበት ተረዱ። ለወራት ብሎን በመንጋጋቸው ይዘው፣ ያለ ጥርስ፣ ቀሪውን ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆዩ። ስለዚህ አንባቢን የምለምነው አንድ ብር እንኳ ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን ሥራ የሚያሳይ ፕሮፎርማ በጽሑፍ ተቀበሉ ብዬ ነው። ራጁና ሲቲ ስካኑ፣ የሚነቀል ካለ መንቀያው፣ አጥንቱ ከሳሳ የአጥንት መጨመሪያው፣ ብሎኑ፣ ማያያዣው፣ ጥርሱ፣ እስኪድን የሚደረገው ጊዜያዊ ጥርስ፣ ሁሉም በየስሙ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም ጠይቁ፤ ጥርሱን ከብሎኑ ጋር የሚያያዙት ትናንሽ ቀለበቶች ያልቃሉ፣ በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ጥርሱም ዕድሜ ልክ አይቆይም። ስኳሩን ያልተቆጣጠረና ሲጋራ ያላቆመ ሰው ደግሞ ብሎኑ ሳይዝለት ሊቀር ስለሚችል መጀመሪያ ከሐኪሙ ጋር በዚያ ላይ ይነጋገር።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። ብሎኑ ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ዕቃው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ መካከል ብሎን አስተክሎ ጥርሱን ይጠብቅ የነበረ ሰው ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም። የሚቻል ከሆነ የሁለተኛው ደረጃ ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር በውል ይታሰር። እቁብ የሚጥል ሰውም ዕጣው የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ ከወዲሁ ለእቁቡ ሰብሳቢ ቢያስረዳ መልካም ነው፤ ዕጣ መለዋወጥ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው።

በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል የቡድን ሕክምና መድን ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ውሉን አንብቡት። "ጥርስ ይሸፈናል" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ለጥርስ የተለየ የዓመት ጣሪያ አለው? መንቀልና መሙላትን ብቻ ነው ወይስ መተካትንም ይጨምራል? የሚከፈለው በደረሰኝ ነው ወይስ ውል በተገባበት ክሊኒክ ብቻ? የዓመት ጣሪያ ካለውና መተካትንም የሚሸፍን ከሆነ ብሎኑን በአንዱ የውል ዓመት፣ ጥርሱን በሚቀጥለው ማሠራት ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ለመጠቀም ያስችላል። ከሁሉ በላይ ግን በ60 ዓመት ጡረታ ስትወጡ ሽፋኑ ምን እንደሚሆን ጠይቁ። በአብዛኛው ሥራው ሲያበቃ እሱም ያበቃል፤ ጥርስ የሚያልቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ይህን ነጥብ ቢያነሱ ለነገ ጡረተኛ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

"አሜሪካ ያለው የልጄ ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል" ብሎ የሚያስብም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ለራሱ አዛውንቶች የሚሰጠው መድን፣ ሜዲኬር፣ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ አውጥቷል፤ የግሉ የጥርስ መድንም ቢሆን በብዙ ውሎች ጣሪያው በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉልን፤ ስንጠይቃቸው ይህን አውቀን ይሁን።

"ሀገሪቱ ለእናቶችና ለሕፃናት ያልበቃ ገንዘብ እያላት እንዴት ጥርስ ትሸፍን?" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን አላልኩም። ደቡብ ኮሪያ እንዴት እንደሠራችው እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ አዛውንቶች የሚወልቅ ሙሉ ጥርስ ሸፈነች። በ2014 ኢምፕላንት ጨመረች፤ በ2016 ዕድሜውን ወደ 65 አወረደች። ወሰንም አበጀችለት፦ የሚወልቀው ጥርስ በሰባት ዓመት አንዴ፣ ኢምፕላንት በዕድሜ ሁለት ብቻ፣ ከወጪውም የተወሰነውን ታካሚው ይከፍላል። ከዚያ አሠራር የማልወደው አንድ ነገር አለ፤ ኢምፕላንቱ የተፈቀደው ጥቂት ጥርስ ለቀረው እንጂ ጨርሶ ላለቀበት አልነበረም። በእኔ አስተያየት መቅደም ያለበት ጨርሶ ያለቀበት ነው። ደረጃ በደረጃ መሄዱን ግን ልንቀስመው እንችላለን።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የሽፋን ዝርዝሩን በሚያሻሽልበት ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከቁንጅና ሕክምና መደብ እንዲያወጣልን እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ፣ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ላለቀ የመድኑ አባል የሆነ አዛውንት ተራው የሚወልቅ ጥርስ፣ ዋጋው ጣሪያ ተበጅቶለት፣ በመንግሥት ሆስፒታል ይሠራለት። የታችኛው ሁለት ኢምፕላንት አቅም ሲፈቅድ፣ ታካሚው ድርሻውን እየከፈለ ይከተላል። እስከዚያው የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በየክፍለ ከተማው ቢያንስ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ያደራጅ፤ ዋጋውም ማንም እንዲያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋብሪካ ጡረተኛ፣ አቃቂ ቃሊቲ