«እዚህ ጋ ይፈርሙ» ማለት ማስረዳት አይደለም!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ጥሩ ብሏል። በሽተኛው እንዳይደብቅ ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ይለመናል። መድኃኒቱን የሚደብቀውንስ ማን ይገሥጸው? የሰው ገላ በቢላ ሊከፍት ተዘጋጅቶ ሳለ ምን እንደሚከፍት፣ ለምን እንደሚከፍት፣ ከዚያስ በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል ለባለ ገላው የማይነገርበትን አሠራር ምን እንበለው? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው። ችግሩ በየትኛውም የሀገራችን ሆስፒታል ያለ ቢሆንም ድርብርብ ሆኖ በሚታይበት ቦታ፣ በጋምቤላ፣ እንመልከተው።

እንበልና አንድ ሽማግሌ ከኑዌር ዞን፣ ከጂካዎ ወይም ከላሬ፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ጋምቤላ ከተማ ገብተው ሆስፒታል ተኙ። የሚሰሙት ኑዌርኛ ብቻ ነው። ሐኪሙ የተማረው በእንግሊዝኛ፣ የሕክምና ካርዱን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ፣ የሚያናግራቸው ባማርኛ። በመሐል የሚያስተረጉመው ማነው? በሀገራችን ሆስፒታሎች ልማዱ የታወቀ ነው። በዚያ ሲያልፍ የተገኘ ዘበኛ፣ ወለል የምትወለውል ሠራተኛ፣ ወይም ሰባተኛ ክፍል የደረሰ የልጅ ልጅ ይጠራል። «አባባ፣ ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላሉ። አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። መዝገቡም «ታካሚው ፈቃዱን ሰጥቷል» ይላል። ኸረ ለመሆኑ ምኑን ነው የፈቀዱት? ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም!

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 47 በመቶ ገደማው ኑዌር፣ 21 በመቶ ገደማው አኝዋክ ነበር። መዠንግር፣ ኮሞና ኦፖም በየቋንቋቸው የሚናገሩ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። እኛ ባማርኛ የምንጽፍ ሰዎች አማርኛን አንጠላም፤ በቢሮ ብዙ ቋንቋ ያላቸውን ሰዎች የሚያገናኝ ቋንቋ ማስፈለጉንም እናውቃለን። ነገር ግን የቢሮ ደብዳቤ ሌላ፣ የሰው ገላ ሌላ! ደብዳቤ ቢሳሳት ተሠርዞ እንደገና ይጻፋል። የተቆረጠ እግር ተሠርዞ አይጻፍም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ይህ እኩልነት በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለሚጨፈርበት በዓል ብቻ ነው ወይስ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይም ይሠራል?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ለምርመራ ወይም ለኦፕራሲዮን አልገዛም ለማለት እንደሚችል ደንግጓል። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ አለፈ፣ ኢህአዴግ አለፈ፤ አንቀጹ ግን አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299ም ሕክምና የሚሰጠው ታካሚው ተረድቶ ሲፈቅድ መሆኑን ያዛል። «ተረድቶ» የምትለዋን ቃል እናስምርባት። ሕጉ የሚጠይቀው ጣት ሳይሆን መረዳት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝርም የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማደንዘዣ ሳይሰጥ በፊት፣ በሽተኛው ማንነቱን፣ የሚሠራበትን ቦታ፣ የሚደረግለትን ኦፕራሲዮንና ፈቃዱን በራሱ አንደበት አረጋግጧል ወይ የሚል ነው። በራሱ አንደበት! በዘበኛ አንደበት አይደለም።

ማስረዳት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራን እንውሰድ። ይህን ሕክምና የሚፈልግ የጋምቤላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። ቋንቋው ከሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን ከከተማው ሁሉ የራቀበት እንግዳ ነው። «ጉልበትህ ይቀየራል» ሲሉት ምን ይሰማዋል? የማንን ጉልበት ነው የሚተኩልኝ? የሞተ ሰው? እግሬን ቆርጠው ነው የሚቀጥሉት? ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቃሉ ራሱ ያሳስታል። የሚደረገው ያለቀውን የአጥንት ጫፍ በስሱ ልጦ ብረት ማልበስና በመካከሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ማስገባት ነው። ይህን ለማስረዳት የዶክትሬት ቋንቋ አያስፈልግም። ብረቷን በእጁ ማስያዝ ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ምርጫው ይነገረዋል። ኦፕራሲዮን የመጨረሻው መንገድ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ምርኩዝ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ እነዚህ ተሞክረዋል ወይ? ተሞክረው ካልሠሩ ጥቅሙም ጉዳቱም በግልጽ ይቀርባል። በ2011 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከመቶ የተተኩ ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ አመልክቷል። ጥናቱ የተሠራው ግን ክትትል ባለባቸው ሀብታም ሀገሮች መረጃ ላይ ነው። ይህም ይነገር። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው መገጣጠሚያው ሊያመረቅዝበት፣ ደም እግሩ ውስጥ ሊረጋበት ይችላል። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ተሳክቶ እንኳ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፣ ወይም እንደጠበቀው አይሆንለትም።

ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት ግን የፈረንጅ መጽሐፍ ብዙ የማይጨነቅለት ነገር ነው። አዲሱ ጉልበት ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍም። ቁጢጥ ማለት ያስቸግራል። ተንበርክኮ መቆየት ይከብዳል። ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነው። መጸዳጃው የጉድጓድ ለሆነ፣ ምንጣፍ ላይ ለሚቀመጥ፣ ዝቅ ባለ የጎጆ በር ጎንበስ ብሎ ለሚገባ፣ ባሮ ላይ ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ ዓሣ ለሚያጠምድ፣ ተንበርክኮ ለሚጸልይ ሰው ግን የኑሮ ጥያቄ ነው። ሕመሙን ችሎ በለመደው ኑሮ መኖርን ሊመርጥ ይችላል። ወይም ከፍ ያለ መጸዳጃ አሠርቶ፣ ወንበር ገዝቶ ኦፕራሲዮኑን ሊመርጥ ይችላል። መራጩ እሱ ነው! ሐኪሙ አጥንቱን ያውቃል፤ ኑሮውን የሚያውቀው ባለ ጉልበቱ ነው።

ዝግጅቱም እንደዚሁ ነው። ጋምቤላ የወባ አገር ነው። ወባ ደም ያሳንሳል፤ ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ቢላ ሥር ከመግባቱ በፊት ደሙ ታይቶ መታከም አለበት። ስኳር ካለበት ስኳሩ፣ የመገለ ጥርስ ካለው ጥርሱ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሚጠጣው ሥር ሁሉ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የጾሙን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። «ምግብ እንዳይቀምስ» ተብሎ ብቻ ይታዘዛል። ምክንያቱ አይነገርም። ቤተሰቡ «ባዶ ሆዱን እንዴት ይችለዋል» ብሎ በጓዳ ያጎርሰዋል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ካስመለሰው ምግቡ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ሊገድለው እንደሚችል፣ ስለዚህ ጠንካራ ምግብ ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ውሃም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መቆም እንዳለበት ቢነገረው የትኛው ልጅ ነው አባቱን የሚያጎርሰው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው ታድናለች።

አንዳንዶች «ያገሬው ሰው ቢላ ይፈራል፣ ብንነግረው ይሸሻል» ይላሉ። ይሄ ንቀት ነው! የኑዌር ወንድ ድሮ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግንባሩ ላይ ስድስት መስመር ያለ ማደንዘዣ ሲቀደድለት ሳይንቀጠቀጥ ተኝቶ ይቀበል ነበር። ለምን? ማን እንደሚቀደው፣ ለምን እንደሚቀደድ፣ ሲነሳ ምን ሆኖ እንደሚነሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ስላደገ ነው። ሰው የሚሸሸው ያልተነገረውን ቢላ ነው።

የጋምቤላ ሰው ለመጠራጠርም ምክንያት አለው። «ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ከሆስፒታል በፊት ከካድሬ አፍ ሰምቷታል። በ2003 ዓ.ም. የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ሲጀመር መንግሥት ሕዝቡ የሚነሳው «በፈቃደኝነት ነው» አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ በጥር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ብዙዎች የተነሱት በግዳጅና በማስፈራራት መሆኑን ገለጸ። ከዚያም በፊት በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋኮች ተገድለዋል። ይህን ያየ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰ እንግዳ ወረቀት ዘርግቶ «ፈርም» ሲለው ምን ያስብ? በኑዌርና በአኝዋክ ወንድማማች ሕዝቦች መካከል ግጭት በተነሳ ሰሞን ደግሞ አስተርጓሚው ከወዲያኛው ወገን ቢሆን በሽተኛው ልቡን ይከፍታል? ስለዚህ ጋምቤላ ላይ ማስረዳት ከሌላው ቦታ እጥፍ ጊዜና እጥፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የዝምታው ዋጋ ደግሞ ይታያል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው «ይቆረጣል» የምትል ቃል ከሩቅ ሰምቶ፣ የሚያብራራለት አጥቶ፣ ሌሊት ከአልጋው ተነስቶ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። አጥብቆ የታሰረው እግር ደም ይቋረጥበታል፣ ይጠቁራል። ሲመለስ በእርግጥ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ የለም። ያኔ «ሕዝቡ ኋላ ቀር ነው» ይባላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

በውጭው ዓለምም ይህ ነገር በክርክር የመጣ ነው። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የስኳር በሽተኛ የሆነች እናት ስትወልድ ሊደርስ የሚችለው አደጋ ሳይነገራት ልጇ ለጉዳት በተዳረገበት ጉዳይ ላይ ፈርዷል። የፍርዱ ፍሬ ነገር ሐኪሙ የሚናገረው ለእሱ ከባድ የመሰለውን ብቻ ሳይሆን በዚያች በሽተኛ ቦታ ያለ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገውን ነው የሚል ነው። «ብነግራት ትፈራለች» ማለት መከላከያ ሊሆን አልቻለም።

ሐኪሞቻችንን ለመስደብ አይደለም ይህን ያልነው። አንድ ሐኪም ወረፋው ደጅ ድረስ ተሰልፎ፣ ሌሊት ሲሠራ አድሮ፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይ ሳያልፍ «ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጠህ አስረዳ» ቢሉት ይቸግረዋል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ መልሱ ምን ነበር? እሥርና ማስፈራሪያ! ራሱ የሚሰማው ያጣ ሐኪም በሽተኛውን የሚሰማበት ጆሮ ከየት ያምጣ? ይህም ሆኖ ድካም የሕግ ግዴታን አያነሳም። ባለሥልጣኖቹስ የትኛው ድካም ነው ሰበባቸው? እነሱ ሲታመሙ ባንኮክና ዱባይ ሄደው፣ አስተርጓሚ ተመድቦላቸው፣ ፕላስቲክ ጉልበት በሞዴል እየታያቸው ይታከማሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ሆስፒታል አይደለም። አንደኛ፣ ኑዌርኛ፣ አኝዋክኛና መዠንግርኛ የሚናገሩ፣ ምሥጢር መጠበቅ የተማሩ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው አስተርጓሚዎች በሆስፒታል መዋቅር ውስጥ የሥራ መደብ ይኑራቸው። ሁለተኛ፣ የፈቃድ ቅጹ በነዚህ ቋንቋዎች ይጻፍ። በልጆች መማሪያ መጽሐፍ የተጻፈ ቋንቋ በሆስፒታል ቅጽ ላይ የማይጻፍበት ምክንያት የለም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ይሰማው። ሦስተኛ፣ ማስረዳቱ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ሳይሆን ቀናት አስቀድሞ፣ ቤተሰብና ሽማግሌ ባለበት ይሁን። የመጨረሻው ቃል ግን የባለ ገላው ይሁን። አራተኛ፣ ሐኪሙ «ገባህ?» ብሎ አይለፍ። «አዎ» ማለት ቀላል ነው። «እስቲ ቤት ስትገባ ለሚስትህ ምን ብለህ ትነግራታለህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱ ከተሳሳተ እንደገና ያስረዳው። አምስተኛ፣ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ በሪፈር የሚላክ ሰው ምን ሊደረግለት እንደሚሄድ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሲመለስ ማን እንደሚከታተለው ጋምቤላ ላይ፣ በቋንቋው ተነግሮት ይሳፈር።

ይህ ሁሉ የአንድ የስብሰባ አበል ያህል ገንዘብና ትንሽ ሰው ማክበር ይጠይቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ከመቅደድ ማስረዳት ይቅደም። ሰው ገላውን አምኖ ሲሰጥ ቢያንስ ለምን እንደሰጠ የማወቅ መብት አለው። ይህን መብት የሚያከብር ሐኪም ይከበር፣ የማያስከብር ባለሥልጣን ይጠየቅ!

ልብ ያለው ልብ ይበል!