ጂፒኤሱ በርካሽ፣ ጣጣው በውድ

ያገለገለች ሴስና 172 ለመግዛት አሜሪካ ገበያ የወጣ ሰው ማስታወቂያው ላይ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው «ጂፒኤስ ያላት» በምትለው ቃል ላይ ነው። ደላሎችም ይህችን ቃል ዋጋ መስቀያ አድርገዋታል። ለመሆኑ የትኛው ጂፒኤስ?

ጥያቄው የሚነሳው ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። በእጅ የሚያዘው አለ፣ ታብሌት ላይ የሚጫነው አለ፣ ከአብራሪው ፊት በሰሌዳው ላይ የሚገጠመውና የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መስፈርት ያሟላው አለ። ሁለቱ አጋዥ ካርታ ናቸው እንጂ ደመና ውስጥ ገብቶ በእነርሱ ብቻ መንገድ መፈለግ አይፈቀድም። ሦስተኛው ውድ የሆነው ስዕሉ ስላማረ አይደለም። አውሮፕላን ያለበትን ቦታና ከፍታ ለማወቅ አራት ሳተላይት ይበቃል፤ ከመካከላቸው የተሳሳተ ምልክት የሚልክ መኖሩን ለማወቅ ግን ቢያንስ አምስተኛ ያስፈልጋል። ባለፈቃዱ መሣሪያ ይህን እየተቆጣጠረ ሲጠራጠር ለአብራሪው ይናገራል። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ንግግር ነው።

በዚህ ገበያ ስሙ የገነነው ጋርሚን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጂኤንኤስ 430 ነው። መገናኛ ሬዲዮውን፣ ቪኦአሩንና ጂፒኤሱን በአንድ ሳጥን አጣምሮ ስለመጣ እስከ ዛሬ በብዙ አውሮፕላን ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ አዲሱ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ፋብሪካውም በመለዋወጫ እጦት ምክንያት ለአንዳንድ ጥገና እጁን ሰብስቧል። ይህን ሳያጣራ የሚገዛ ሰው ነገ ስክሪኑ ሲጠፋ ሁለተኛ መሣሪያ መግዛቱ ነው።

ወጪው በዚህ አያበቃም። የመግጠሚያው ሒሳብ ራሱን የቻለ ነው። ከዚያ በላይ ግን ዳታቤዙ አለ፤ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፣ በክፍለ ዓለም ተከፋፍሎም በክፍያ ይሸጣል። ሳጥኑ አንዴ ይሸጣል፣ ዳታቤዙ ግን ዕድሜ ልክ። ነጋዴ ለሆነ ሰው ብልሃቱ የማን እንደሆነ ለመገመት አይቸግርም።

«ዋስ» የሚባለው ነገርም አለ። ከ2003 ጀምሮ የጂፒኤስን ምልክት እያረመ አውሮፕላን በተዘጋጁለት ማኮብኮቢያዎች ከመሬት እስከ 200 ጫማ ድረስ በመሣሪያ እንዲወርድ ያስችላል። ስሙ በአማርኛ «ዋስ» ተብሎ መነበቡ አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ይህ ዋስ የሚፈርመው ለሰሜን አሜሪካ ነው። አውሮፕላኑን ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ያሰበ ባለሀብት ለዚህ ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ እዚህ አይሠራለትም።

በጠራ ሰማይ ቅዳሜና እሁድ ለሚበርር ሰው ታብሌቱ ይበቃዋል፤ ሻጩ ምንም ቢል። ደመና ውስጥ የሚገባ ግን ባለፈቃዱን ይግዛ፣ አሮጌውን ቪኦአርም ነቅሎ አይጣል፤ የጂፒኤስ ምልክት እጅግ ደካማ በመሆኑ በቀላሉ ይታፈናልና። ስክሪኑ የሚያሰምረው ቀጥተኛ መስመርም ተራራና የተከለከለ ቀጣና አያውቅም። ቁልፎቹን አየር ላይ ሆኖ መማር የጀመረ አብራሪ ዓይኑ ከመስኮቱ ይርቃል፤ መሬት ላይ የሚለማመዱበት ማስመሰያ ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ይገኛል።

ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ መሣሪያው ለደመና በረራ ጭምር መፈቀዱን የሚያሳየውን መዝገብና የዳታቤዙን የመጨረሻ ቀን። ሻጩ ሁለቱንም ካላሳየ ዋጋው «ጂፒኤስ የላትም» ተብሎ ይጀመር።