የማእድ ቤትን ሴራሚክ ስለ መቀባት

በአዲስ አበባ ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖረው የማእድ ቤቱን ሴራሚክ ራሱ ባልመረጠው ቤት ውስጥ ነው። አንዳንዱ ሴራሚክ የቀድሞው ባለቤት የወደደው ቡናማ አበባ አለበት፤ አንዳንዱም ነጭ የነበረው ከዘመን ብዛት ወይቧል። ይህን አስነሥቶ አዲስ ማስለጠፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ወጪው በሴራሚኩ ዋጋ አያበቃም። አሮጌው ሲፈነቀል ልስኑ አብሮ ይረግፋል፤ ልስኑ ሲረግፍ ሲሚንቶና አሸዋ ይፈለጋል፤ ግንበኛውም የቀን ዋጋውን ይጠይቃል። የውሃው ቧንቧ ከተነካማ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ስለዚህ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሴራሚኩን ሳይነቅል በላዩ ቀለም ለመቀባት ቢያስብ አይፈረድበትም።

እናቶቻችንም ዘመን መለወጫ ሲቃረብ የጭቃውን ግድግዳ ይለቀልቁ ነበር። ቋንቋችንን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን «መለቅለቅ»ንና «መቀባት»ን ለይተው ቢይዙ መልካም ነው። መለቅለቅ ጭቃን ወይም እበትን በእጅ እያለሰለሱ ግድግዳን መሸፈን ነው። መቀባት ግን ለቀለምም፥ ለቅቤም፥ ለቅዱስ ቅባትም ይነገራል፤ ግድግዳም ይቀባል፥ ጠጕርም ይቀባል፥ ንጉሥም ይቀባል። ዳሩ ግን የጭቃ ግድግዳ የተለቀለቀበትን ይጠጣል። ሴራሚክ አይጠጣም፤ ፊቱ እንደ ብርጭቆ ስለ ሆነ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ይህን ያወቅነው በገዛ ስሕተታችን ነው። ለመስቀል በዓል ይድረስ ብለን ከልጆቻችን ጋር ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠራረግንና በዚያው ቀን የዘይት ቀለም ቀባንበት። የበዓሉ እንግዶች አመሰገኑን። ገና ሳይደርስ ግን ከኤሌክትሪኩ ምጣድ በላይ ያለው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ጀመር። የቤታችን እመቤት ጫፉን በጥፍሯ ይዛ ብትስበው አንድ ክንድ ያህል ተልጦ መጣ። እርሷም፥ «እናንተ የቀባችሁት ሴራሚኩን አይደለም፤ ቍሌቱን ነው» አለችን።

እውነቷን ነው። ሽንኩርት በዘይት ሲቁላላ የሚነሣው ቅባት በየቀኑ በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ዐይን ባያየውም ቀለም ያውቀዋል። ስለዚህ ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ማጠቡ ነው። ግድግዳውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማሸት፥ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ፥ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ ይገባል። ንጽሕናው የሚፈተነው በውሃ ነው፤ የተረጨው ውሃ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ቢወርድ ቅባቱ ለቋል፤ እዚህና እዚያ በጠብታ ቢሰበሰብ ግን አልለቀቀም። አንዳንድ ሰዎች ሥራውን ለማፋጠን በረኪናንና አሲድን ይቀላቅላሉ። ይህ ሳንባን የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ያወጣልና ከቶ አይደረግም።

ግድግዳው አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ ወዙ እስኪጠፋ ድረስ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ብናኙ ተጠርጎ ሲያልቅ ለሴራሚክ ተብሎ የተዘጋጀው የመጀመሪያ ቀለም፥ ፕራይመር የሚሉት፥ ይቀባል። እኛ ገንዘብ ለማትረፍ የተውነው ይህንኑ ነበር። በላዩም ሁለት ጊዜ፥ ስስ ስስ አድርጎ፥ የግድግዳው ቀለም ይከተላል። 4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። 1 ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር ያህል አንድ ጊዜ ስለሚሸፍን፥ ለሁለት ጊዜ ቅብ ከ1 ሊትር ጥቂት በለጥ ያለ ይበቃል። በቅቦቹ መካከል የሚጠበቀው ሰዓት በቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ከመጨረሻው ቅብ በኋላም ግድግዳውን ለአንድ ሳምንት ያህል ከውሃ መጠበቅ ነው።

ቀለም ሲገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳልና። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢትዮጵያ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1000000 እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ቀለም ካለ፥ አቧራው እንዳይነሣ በውሃ እያራሱ እንጂ በደረቁ መፈግፈግ አይገባም። ቀለሙ በሚቀባበት ቀንም መስኮቱ ይከፈት፥ ምድጃው ይጥፋ፤ የቀለም ማቅጠኛ ትነት በእሳት ይቀጣጠላል።

ወለል እግር ስለሚበዛበት ቅቡ አይበረክትም። በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክም ከግድግዳው ለቋልና፥ ቀለም መልሶ አያጣብቀውም።

የኛ ግድግዳ ዳግመኛ ታጥቦ፥ ተፈግፍጎ፥ ነጣ ባለ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሥራው የፈጀው 5 ቀን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብሩሽ የጨበጥንበት ጊዜ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ከምጣዱ በላይ ያሉትን ሁለት ረድፎች ግን አልቀባናቸውም። የእንጀራው እንፋሎት በየሦስት ቀኑ ስለሚያገኛቸው፥ የቤታችን እመቤት ቡናማ አበባቸውን እንደ ያዙ እንዲቀሩ ፈቅዳለች።