በር ላይ የማይጠየቀው ክፍያ፦ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ በማን ትከሻ ላይ ነው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በገጠሩም በከተማውም ያሉ ወላጆች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ልጃቸው ማለፍ አለማለፉን ነው። ካለፈ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ ወጪውን ማን ይችለዋል? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ በመግቢያው ዕለት የትምህርት ክፍያ ስለማይጠየቅ በርካታ ቤተሰቦች ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን እንዲህ ካላለ 20 ዓመታት አልፈዋል። ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል፣ በተማሪዎች አጠራር “ኮስት ሼሪንግ”፣ ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው። የምግብ ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ የዕዳው መጠን ቀድሞ ከሚታወቀው እጅግ እየራቀ ይገኛል።

ሥርዓቱ እንዴት መጣ?

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት ከተጀመረበት ከ1943 ዓ.ም. አንሥቶ ለረጅም ዘመን የተማሪውን ትምህርት፣ ምግብና መኝታ የሚሸፍነው መንግሥት ነበር። የተማሪው ቁጥር ጥቂት፣ የተመራቂው ሥራም የተረጋገጠ ስለነበር አሠራሩ አላስቸገረም። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በአማራ ክልል ብቻ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በተጨማሪ በወሎ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ታቦር፣ በወልድያ፣ በእንጅባራ፣ በመቅደላ አምባና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ይሰጣል።

ቁጥሩ በዚህ መጠን ሲያድግ ሙሉ ወጪውን መንግሥት ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም የወጪ መጋራትን ሥርዓት አስተዋወቀ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያውን በቅድሚያ መፈጸም የሚፈልግ ይችላል፤ የማይችለው ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፍላል። ቅነሳውን የሚፈጽመው ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ሲሆን ገንዘቡን ለግብር ሰብሳቢው ያስተላልፋል። እንደ መምህርነት ባሉ ሙያዎች በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድም በሥርዓቱ ታስቧል።

የሐሳቡ መነሻ ፍትሐዊነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ካልገባው የተሻለ ገቢ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ መላክ ያልቻለው አርሶ አደር በሚከፍለው ግብር የሌላው ልጅ እስከ መጨረሻው በነጻ ይማር ማለት ለአርሶ አደሩም አግባብ አይሆንም። ከዚህ አንጻር ሲታይ ተጠቃሚው ከተጠቀመ በኋላ እንዲከፍል ማድረግ ምክንያታዊ ነው። አውስትራሊያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ ሥርዓት ትከተላለች። በዚያ ግን ክፍያው የሚጀመረው የተመራቂው ገቢ በሕግ የተቀመጠውን ወለል ሲያልፍ ነው።

ስሌቱ ሲለወጥ

ለብዙ ዓመታት የወጪ መጋራት ዕዳ ትንሽ ሆኖ ቆይቷል። ምክንያቱም ስሌቱ የተሠራበት የምግብ በጀት ትንሽ ስለነበር ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ 22 ብር በነበረበት ጊዜ፣ በዓመት ለአሥር ወራት ቢታሰብ የምግብ ወጪው 6,600 ብር፣ በአራት ዓመት 26,400 ብር ይሆናል። በዚያ ገንዘብ ተማሪን ሦስት ጊዜ መመገብ እንደማይቻል ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ በጀታቸው እየቀነሱ፣ ከነጋዴዎች በዱቤ እየወሰዱ ተማሪዎቻቸውን ሲቀልቡ ከርመዋል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የዕለት በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ መደረጉ ተገቢና የዘገየ እርምጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ተማሪው የምግቡን ሙሉ ወጪ ይጋራል የሚለው ድንጋጌ ባለበት፣ መነሻው ከ22 ወደ 100 ሲያድግ ዕዳውም አብሮ ያድጋል። በተመሳሳይ ስሌት የአንድ ዓመት ምግብ 30,000 ብር፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ብር ይሆናል። መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ በዚህ ላይ የሚደመሩ ናቸው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ዝቅተኛው ቆይታ አራት ዓመት ነው፤ የምሕንድስናና የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ በላይ ይቆያሉ።

ይህ ለተመራቂው ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። የወር ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 10 በመቶው ሲቆረጥበት በወር 1,000 ብር ይከፍላል። የምግቡን 120,000 ብር ብቻ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያው ደመወዝ የገቢ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቀነሳል። በቀረው ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ ራሱን ችሎ፣ ያስተማሩትን ወላጆቹንም እንዲጦር ይጠበቅበታል።

ሥራ ያላገኘው ተመራቂ ችግር ደግሞ የተለየ ነው። ከደመወዝ የሚቀነስ ነገር የለውም፤ ነገር ግን ዕዳው ሳይጠናቀቅ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ በእጁ ማስገባት ይቸገራል። ማስረጃው ያስፈለገው ሥራ ለመፈለግ ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃውን ለማግኘት መጀመሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ሌላ ሥጋት ጨምሯል። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከአሥሩ አራት ያህል ብቻ ነበሩ። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም፤ የበላበትና ያደረበት ዓመት ግን በውሉ ላይ ተመዝግቦ ይቆያል።

ትልቁ ክፍያ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው

የወጪ መጋራት ሥርዓቱ ከበድ ያለ ቢሆንም ቢያንስ ክፍያውን ወደ ኋላ ያዘገያል። ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ይበልጥ የሚከብደው እጅ በእጅ የሚከፈለው፣ በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈው ወጪ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተማ ነው። የገጠር ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል፤ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ክፍል ተዳብሎ ያድራል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቀዬው ተመልሶ እንጀራውን፣ ሽሮውንና በሶውን ስንቅ ተሸክሞ ይመጣል። ቤተሰቡ ለኪራይ፣ ለደብተርና ለልብስ በግ ወይም እህል ይሸጣል፤ የእርሻውን ጉልበትም ያጣል። ለሴት ልጅ ደግሞ ከቤተሰብ ርቆ በኪራይ ቤት ማደሩ ራሱ ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ ያመነታሉ።

ይህ ሁሉ ተከፍሎ የሚገኘው ውጤት ምን ይመስላል? ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። መሻሻሉ የሚበረታታ ነው። ቢሆንም በመጨረሻው ዓመት እንኳ ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በአንጻሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል። ተማሪው የሚበላው፣ የሚያድርበትና የሚያነብበት ቦታ ሲሟላለት ምን ሊሠራ እንደሚችል ይህ በግልጽ ያሳያል።

በጦርነትና በግጭት የተዘጉና የተጎዱ ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው አካባቢዎች ችግሩ ይከፋል። ዓመታት ያለ ትምህርት ያለፈበት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከማሳሰቡ በፊት የሚቀመጥበት ክፍል ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የመንግሥት ድጋፍ አቅጣጫ እዚህ ላይ ሊጤን ይገባዋል። የዩኒቨርሲቲው ድጎማ የሚደርሰው በሩን ለተሻገሩት ጥቂቶች ነው። የተሻገሩትም በአመዛኙ ጥሩ ትምህርት ቤት በቅርባቸው ያገኙት ናቸው። የብዙው የአርሶ አደር ልጅ ጉዞ የሚቋረጠው ግን በ9ኛና በ12ኛ ክፍል መካከል፣ በኪራይ ቤትና በስንቅ ጉዳይ ነው። ለአንድ ወረዳ የተማሪዎች ማደሪያና የምገባ ማእከል ማዘጋጀት፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት ዕድል አንጻር ከሌላ ከማንኛውም ድጋፍ ያላነሰ ፋይዳ አለው።

ፈተናውን ያላለፈው ተማሪ ወደ ግል ኮሌጅ ሊያመራ ይችላል። የወጪ መጋራት ሥርዓቱ ግን ለመንግሥት ተቋማት ብቻ የተዘረጋ በመሆኑ የግል ኮሌጅ ተማሪ ክፍያውን በየወሩ ከኪሱ ያወጣል። በመጀመሪያው የመውጫ ፈተና የግል ተቋማት ተማሪዎች ውጤት ከመንግሥቶቹ በእጅጉ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ ወላጆች ከመክፈላቸው በፊት የኮሌጁን ዕውቅናና የመውጫ ፈተና ውጤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ ወደ ሥራ የሚያደርስ አማራጭ ነው።

ምን ይደረግ?

ልጃቸው ለተመደበላቸው ቤተሰቦች ቀዳሚው ነገር ውሉን አንብቦ መፈረም ነው። ተማሪው ምግቡን ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ይመገባል ወይስ በራሱ መንገድ? በግቢ ያድራል ወይስ ከዘመድ ጋር? በውሉ ላይ የሚሞላው መጠን በዚህ ይወሰናል። በየዓመቱ የተፈረመውን ቅጂ ማስቀመጥና ድምሩን ማወቅ ከምረቃ በኋላ ከሚመጣ ውዝግብ ያድናል።

ከዩኒቨርሲቲዎች የሚጠበቀው የዓመቱን ዕዳ በብር ለይተው በግልጽ ማስታወቅ ነው። ሕግ አውጪው ደግሞ ደንቡ የተቀረጸው የአንድ ተማሪ የዕለት ምግብ በጥቂት ብር በሚታሰብበት ዘመን መሆኑን ሊያስተውል ይገባል። ከተመራቂው ደመወዝ የሚቆረጠው ክፍያ ከምን ያህል ገቢ በላይ ይጀምር? ሥራ ያላገኘ ተመራቂ ማስረጃውን እንዴት ይውሰድ? የምግብ ዋጋ በናረ ቁጥር ጭማሪው ሁሉ በተማሪው ላይ ይደር ወይስ መንግሥትም ይጋራው?

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ከቆዩ ጉዳቱ የሚታየው በመጀመሪያ በድሃው ቤት ነው። ባለ ጸጋ ወላጅ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ የልጁን ዲግሪ ይረከባል። የአርሶ አደሩ ልጅ ግን ወላጆቹ በግ ሸጠው ያስጀመሩትን መንገድ እስከ ሠላሳዎቹ ዕድሜው ድረስ ከደመወዙ እየከፈለ ይጓዛል። ታናናሾቹም ያንን እያዩ መማር ያዋጣል አያዋጣም ብለው ይመዝናሉ።