የአዳኝ በትር ከጠረፉ ሽመል ይሠራ

ኡም ራኩባ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ስደት ነው። ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ይህ ሰፈር፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሏል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራዩ ጦርነት የሸሹትን ተቀብሏል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ይህ ጠረፍ የሚታወቀው በአደን ነበር።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 አትባራንና ሰቲትን ተከትሎ ሲመጣ ያገኛቸው የሐምራን አረቦች ዝሆን የሚጥሉት በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ከፊት ሆኖ ያታልለዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና ቋንጃውን ይቆርጠዋል። ቤከር ግን ተሸካሚዎቹ “የመድፍ ልጅ” ያሉትን፣ 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጠመንጃ ይዞ ነበር የመጣው። ሰይፈኛው ከአውሬው ጎን ቆሞ ስለሚመታ ድጋፍ አያሻውም። ከ200 ሜትር የሚተኩስ ሰው ግን የእጁ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሹ መቆራረጥ፣ የልቡ ምት ሁሉ ዒላማውን ያስተዋል። የጠመንጃ መደገፊያ በትር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ዛሬ በዚያ ጠረፍ የሚታደን እንስሳ የለም ማለት ይቻላል። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ሸፍኖታል። የተረፈው የዱር እንስሳ የተጠጋው በድንበሩ ግራና ቀኝ ባሉት ፓርኮች ነው፦ በሱዳን በኩል እ.ኤ.አ. በ1935 በተቋቋመው ዲንደር፣ በእኛ በኩል ቋራ ውስጥ ባለው አላጥሽ። በሁለቱም ማደን ክልክል ነው፤ ክልከላውም ሊቀጥል ይገባል።

ሕጋዊው አደን ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአርሲና በባሌ እንደ ሙኔሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ የተከለሉ የአደን ቀጣናዎች፣ የውጭ አገር አዳኞች በፈቃድና በክፍያ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ይወጣሉ። አውሮፓውያን አጋዘን እያደቡ የሚያድኑበት ዘዴ በኢትዮጵያ የሚመስለው ይህን ነው። የደጋ አጋዘን ግን በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት እንስሳ ነው። ለሳይንስ የታወቀው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከተገደለ አንድ ወንድ በመነሣት ነው። ቆስሎ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ አጋዘን እየተሠቃየ ይሞታል፤ ለሥጋም ለቀንድም ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ አዳኙ የሚደገፍበት በትር የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ መታየት የለበትም።

በባሌ ከፍታ ተኝቶ መተኮስ ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ቁጥቋጦው ይጋርዳል። ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ለሚተኩስ ሰው አንድ በትር ቀላል ነው፣ ግን ወደ ጎን ይዋልላል። ሁለት እግር ያለው ይሻላል፤ ሦስት እግር ያለው ደግሞ ጸንቶ ይቆማል። በትሩ ላይ የሚያርፈውም የጠመንጃው እንጨት እንጂ አፈሙዙ መሆን የለበትም፤ አፈሙዙ በቀጥታ ከተደገፈ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል።

ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በትሮች የአሉሚኒየም ወይም የካርቦን ናቸው። ቀላል ናቸው፤ እየተሳቡ ይረዝማሉ፣ እየታጠፉ ያጥራሉ። ጉድለታቸው ግን ያው መሳቢያቸው ነው። ጭቃና አሸዋ መቆለፊያው ውስጥ ይገባል፤ ከድንጋይ ጋር ሲጋጩ የሚያሰሙት ድምፅም እንስሳውን ያስበረግጋል። አንዱ እግር ጫካ ውስጥ ቢሰበር መለዋወጫ የለም።

ጠረፉ መልስ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ከቋራ እስከ መተከል፣ ድንበር ተሻግሮም እስከ ዲንደር፣ የቆላ ቀርቀሃ ይበቅላል፤ ሕዝቡ ሽመል ይለዋል። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የቆላው ግን በአብዛኛው ድፍን ነው። እረኛና መንገደኛ ለዱላ የሚመርጠውም ለዚሁ ጥንካሬው ነው። ሦስት ቀጥ ያሉ ሽመሎች ተመርጠው፣ ከጫፋቸው ዝቅ ብሎ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ቢታሰሩ ድምፅ የማያሰማ መደገፊያ ይሆናሉ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዱካ አዋቂዎች የሚሠሩትም በዚሁ መልክ ነው። አንዱ እግር ቢሰበር ሌላ ቆርጦ መተካት ነው።

ሽመል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት የሞላው፣ በበጋ የተቆረጠ ይመረጣል። ነቀዝ የሚጠራው በውስጡ ያለው ስታርች በመሆኑ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ከዚያም በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ የተጣለ ይሰነጠቃል። ጥሩ በትር የሚፈልግ አዳኝ ስንጥቅና የነቀዝ ቀዳዳ እንደሌለው አይቶ፣ ክብደቱን ጥሎበት ፈትኖ ይውሰድ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ በጠረፉ ዛፍ እየተመናመነ ሌላ የመቁረጥ ምክንያት ለምን ይፈጠራል? ተገቢ ጥያቄ ነው። በኡም ራኩባ ዙሪያ ያለው እንጨት የስደተኛውም የነዋሪውም ማገዶና የጎጆ ማገር ነው፤ ከዚያ ምንም መነካት የለበትም። ከፓርኮቹም እንዲሁ። ሽመል ግን በስልት ከተቆረጠ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የበሰለውን ብቻ እየለዩ መውሰድ ቁጥቋጦውን አይገድለውም። ከፓርክ ውጭ ባለው የማኅበረሰብ ደን ሊሠራበት የሚችል ነው።

የአደን ድርጅቶች ደንበኞቻቸውን በሽመል በትር ቢያስታጥቁ ወጪያቸው አይጨምርም። የቋራና የመተማ ወጣቶች ደግሞ ከሰሊጥ አጨዳ ውጭ ሌላ ሥራ ያገኛሉ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የአደን ፈቃድ ሲሰጥ አዳኙ መደገፊያ እንዲይዝ ግዴታ ያድርግ፤ የክልሎቹ የደን ቢሮዎችም ሽመል ቆራጮችን በማኅበር ያደራጁ።