ዝም ያለ ሞተር

ወደ ጎጃም የተሻገረ ሁሉ የዓባይን ዳገት ያውቀዋል። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ 1,050 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጀን ከተማ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንገደኛውን የቆላው ወበቅ ሳይለቀው የደጋው ብርድ ይቀበለዋል። እኛ ደጀኖች መኪናን የምንመዝነው በቀለሙ ወይም በዋጋው አይደለም፤ በዚህ ዳገት ነው።

ይህን ዳገት ለብዙ ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ አንድ መኪና በቤተሰባችን አለ፤ የአጎቴ ቮልስዋገን። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ነው። እኛ በአጭሩ «ቮልስ» የምንለው ይህ ጀርባ ጎባጣ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥቷል። በአገራችን ግን ስሙ ከታሪክ ጋር ተቆራኝቷል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር።

ሰሞኑን የአጎቴ ልጆች አንድ ሐሳብ አምጥተዋል። «ይህ ሞተር አርጅቷል፤ ወይ ሲሊንደሮቹን በሰፋፊ፣ ካርቡሬተሩን በትልቅ እንለውጥ፤ ወይ ጨርሰን አውጥተን የጃፓን ሞተር እንግጠምበት» ይላሉ። አጎቴ ዝም ብሏል። እኔ ግን እቃወማለሁ። ምክንያቴ የአሮጌ ዕቃ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ያረጀን ሞተር ማሻሻል ማለት ሌላ ነገር ከመጨመር በፊት የራሱ የነበረውንና ያጣውን መመለስ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ይህ አራት ሲሊንደር ሞተር 1,192 ሲሲ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ነገር ግን ያ ጉልበት የተለካው ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ አገር አየር ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ደጀን ላይ፣ ሞተሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ እንኳ፣ የሚቀረው 26 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ስምንቱን የወሰደው እርጅና አይደለም፤ የአየሩ መሳሳት ነው። ወጣቶቹ «አርጅቷል» ብለው የሚፈርዱበት ድካም ከፊሉ የራሳችን ተራራ ዕዳ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይኸው መኪና ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ካልቀዘቀዘ አልደርስ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አጎቴ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰደው። ሰውየው ምንም ሳይፈታ ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያም «ይኼ ሞተር ዝም ብሏል» አለ። አጎቴ ደስ አለው። «ተመስገን ነው እንጂ ጋሼ፤ ድሮ እኮ ይንኳኳ ነበር» አለው። አዛውንቱ ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ሲንኳኳ ነበር ጤናው። ቮልስ ዝም ሲል ነው የሚፈራ።»

ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ነው። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ክፍተት አለ፤ ያ የሚሰማው መንኳኳት የዚህ ክፍተት ድምፅ ነው። ሞተሩ በሠራ ቁጥር የጭስ ማስወጫው ቫልቭ በሙቀት ይለጠጣል፣ መቀመጫውም ይበላል፤ ክፍተቱ ጠበበ ማለት ነው። ጨርሶ ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ሞልቶ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ዝም እንዳለ ይቃጠላል። ይህ አደጋ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ይበረታል፤ በዚያ ዘመን ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ ፊት ነውና። ቮልስ ውኃም ራዲያተርም የለውም፤ ሕይወቱ ነፋስ ነው።

አዛውንቱ ሞተሩ አድሮ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ስምንቱንም ቫልቮች አስተካከለ። ካንዴላዎቹን ሲፈታ ሁሉም ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ነበር፤ ቤንዚኑ ለሳሳው አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ቤንዚን የሚያሳልፈውን የካርቡሬተር ቀዳዳ በጠባብ ለወጠ። እዚህ ላይ የተናገረውን አልረሳሁም፤ «ለደጀን ብቻ ባስተካክለው ዓባይ በረሃ ላይ ይቀጣችኋል» አለ። እውነቱን ነው። ለደጋ የጠበበ ቀዳዳ፣ አየሩ ወደሚወፍርበት ሸለቆ ሲወርዱ ቤንዚን ያሳንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ያም ዳገቱ በሚጀምርበት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ቦታ። ስለዚህ የደጋውንም የቆላውንም የሚያስታርቅ መካከለኛ መረጠ። የዲስትሪቢውተሩን መገናኛ 0.4 ሚሊ ሜትር አደረገው፤ የላላውን የነፋስ ማራገቢያ ቺንጋ ለወጠ። በመጨረሻም ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠራቸውን፣ በሞተሩ ዙሪያ የነበሩና በየጋራዡ ተጥለው የቀሩ ሁለት ቆርቆሮዎችን ቀርጾ መለሰ። እነሱ ባለመኖራቸው ሞተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስብ ነበር።

በሳምንቱ ያው መኪና ከድልድዩ ተነሥቶ ሳይቆም ደጀን ገባ። በዝግታ ነው፣ አብዛኛውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ፤ ግን ሳይቆም። አንድም የፈረስ ጉልበት ከውጭ አልተጨመረለትም።

የአጎቴ ልጆች ክርክር መልስ የሌለው ቀላል ክርክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቮልስ መለዋወጫ እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም፤ የጃፓኑ ግን ሞልቷል። መኪና ደግሞ ሊያገለግል እንጂ ሊታይ አልተሠራም። ሆኖም ሲሊንደሩ ሲሰፋ ሙቀቱም ይጨምራል፤ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ ያንን ሙቀት የት ሊያደርሱት ነው? በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ልግጠም ቢሉም ራዲያተር ያልታሰበለትን አካል መቅደድ ግድ ይላል። ጉልበቱ ቢጨምር እንኳ ፍሬኑና ማርሹ ለ34 የፈረስ ጉልበት የታሰቡ ናቸው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ያስፈራል።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን «ቋንቋው አርጅቷል» ብሎ በዛሬ ቋንቋ እንደገና ልጻፈው የሚል ቢነሣ ምን እንለዋለን? የተበላውን ገጽ መልስ፣ የደበዘዘውን ፊደል አጥራ፣ የተሳሳተውን አርም፤ ድምፁን ግን ተወው እንለዋለን። ለማረምም አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ያልተነበበ አይታረምም፤ ያልተሰማ ሞተርም አይሻሻልም።

የሚያሳዝነው ሞተሩን የሚያነቡት ሰዎች እያለቁ መሆናቸው ነው። ያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የለም። ያወቀውን አንድም ገጽ አልጻፈም፤ እኛም ቀለም ቆጠርን የምንለው አልጻፍንለትም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እኔ በኤሌክትሪክ መኪና መምጣት አልከፋም፤ ነገ የእሱ ነው። ግን ወጣቱ መካኒክ ነገ የማይጠቅመውን ካርቡሬተር ለምን ይማራል? በየጋራዡ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ካቻቪቴ እያለ ከጣልያንኛ ወስዶ አማርኛ ያደረገው ሙያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊረሳ ነው። ከቃላቱ ጋር የሚጠፋው ደግሞ ማዳመጥ የሚባለው ጥበብ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየከተማው አንድ አሮጌ ጋራዥ፣ በጋራዡም አንድ አዛውንት አይጠፋም። ግጥም የምንጽፍ፣ ወግ የምንተርክ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ደብተርና እርሳስ ይዘን አጠገቡ እንቀመጥ። እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ ምን ምን ብሎ እንደሚጠራው እንጻፍ። ቅኔ ለመቁጠር ደብተራ ፍለጋ ዲማ ጊዮርጊስ ድረስ የሚሄድ የጎጃም ሰው፣ ሰፈሩ ያለውን የብረት መምህር ሊንቅ አይገባውም።

ለአጎቴ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። ሞተሩን ከማውጣታችሁ በፊት አስነሡትና ስሙት። ከዚያም ወደ አባታችሁ ዞር በሉ። እሱም ይኸው ስንት ቀኑ፣ ዝም ብሏል።