ሸክላው ሲያልቅ ሙዚቃው አላለቀም

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1969 ተወልዶ በ1975 አረፈ የሚል ታሪክ አለ። አምሃ እሸቴ የመጀመሪያውን ሸክላ በዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ካሳተመበት ጊዜ አንሥቶ፣ ደርግ ሌሊቱን በሰዓት እላፊ እስከ ዘጋበት ድረስ ያሉት ስድስት ዓመታት «ወርቃማው ዘመን» ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጨለማ ነው፤ መጀመሪያ ሳንሱር፣ ቀጥሎ ኪቦርድ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙታል። የቦሌ ላውንጆች የጥላሁንንና የማሕሙድን የወጣትነት ፎቶ በጥቁርና ነጭ አሳትመው ይሰቅላሉ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ «ድሮ ቀረ» ማለትን ተምሯል፤ የትኛው ድሮ ብትሉት ግን መልስ የለውም።

የድሮ ሙዚቃ ጥላቻ ያናገረኝ እንዳይመስላችሁ። ኦቲስ ሬዲንግን፣ አሬታ ፍራንክሊንን፣ ኮልትሬንን ስሰማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያስጮኸው ዛሬም ሥራዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። የብዙነሽ በቀለን ድምፅ የምወደውም በዚሁ ጆሮዬ ነው። ጠቤ ከሙዚቃው ጋር ሳይሆን ዙሪያውን ካጠሩት አጥር ጋር ነው።

እስኪ ዓመተ ምሕረቱን እንቁጠር፤ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የውጭውን ዓለም ጆሮ መጀመሪያ የያዘው የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የተቀዳው በ1975 ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ ማለት ነው። ብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ ይህን ሥራ በ1986 ለአውሮፓ ሲያቀርበው፣ አድማጩ የሰማው ደርግ ሥልጣን ይዞ ሳለ የተሠራ ሙዚቃ ነበር። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የወጣው በ1977፣ አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ስትታመስ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» የ1978 ሥራ ነው። ያን ጊዜ ዋልያስ ወደሚጫወትበት ሒልተን የገባ ሰው በሰዓት እላፊው ምክንያት እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ወርቃማ ከሚባሉት ሥራዎች ምርጦቹ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ የመጡ ከሆኑ፣ ዘመኑን ከዙፋኑ ጋር አስረን የምናለቅሰው ለምንድን ነው?

ደርግ ለሙዚቃ ደግ ነበር እያልኩ አይደለም። ግጥም በሳንሱር ተቆርጧል፣ ዘፋኝ ታስሯል፣ አምሃ እሸቴም በ1975 አገር ጥሎ ወጥቷል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዘመንም የነፃነት ሜዳ አልነበረም። ጥላሁን ገሠሠ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በኋላ የታሰረው በንጉሡ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመን የምናደንቃቸው ድምፆች አብዛኞቹ ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የወጡ ነበሩ፤ ደመወዛቸውም ትእዛዛቸውም የሚመጣው ከአለቃ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ የሚደነቀው ይህን ደፍሮ ስለጣሰ ነው። ሕግ ተጥሶ የተገኘን ሙዚቃ የሥርዓቱ ስጦታ አድርጎ ማቅረብ ለአምሃም ለሙዚቀኞቹም ስድብ ነው።

ታዲያ አጥሩ ከየት መጣ? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ማሳተም ሲጀምር፣ በዋናነት የተነሣው ከአምሃ ሬከርድስና ከአሊ አብደላ ኬይፋ፣ በቅጽል ስሙ ከአሊ ታንጎ፣ የሸክላ ክምችት ነው። አምሃ ያሳተመው መቶ ያህል ነጠላ ሸክላና አሥራ ሁለት ገደማ ረጅም ሸክላ ነበር፤ ለአንድ አሳታሚ ትልቅ ሀብት ነው። ፋልሴቶን አልወቅሰውም። እኛ አቧራ ያለበስነውን አንሥቶ ጠረገው፤ ለዚህ ምስጋና እንጂ ትችት አይገባውም። ጥፋቱ የእኛ ነው። የአንድ ክምችት ወሰን የነበረውን የታሪካችን ወሰን አደረግነው፤ እሱ ያላሳተመው ሁሉ እንዳልነበረ ሆነ። ሙላቱ አስታጥቄም ላይ ያው ነው የደረሰው። ሰውዬው በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የራሱን መንገድ ጀምሮ፣ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት ቆሞ ነበር። ኢትዮ ጃዝ በሆቴሎቻችን ከምሳ ጋር መቅረብ የበዛው ግን ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ ካስገባው ወዲህ ነው።

አሁን ወደ መርካቶ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ክርክር የሚፈርሰው እዚያ ነውና።

መርካቶን በዛሬ ቦታው የተከሉት ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን አገሬውን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዙሪያ ገበያ ገፍተው ወደ ምዕራብ አወጡት፤ ፒያሳን ለራሳቸው አስቀሩ። ተገፍቶ የወጣው ገበያ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ማሕሙድ አሕመድ የተወለደው እዚሁ ነው። ጫማ ጠርጓል፤ ከዚያም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ ጎራ በሚሉበት አሪዞና በተባለ ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1962 ዘፋኝ በቀረበት አንድ ሌሊት መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ወርቃማው ዘመን የሚያወሩ ሰዎች ክበቡን ያነሣሉ፤ ሊስትሮውን ግን ይረሱታል።

ሸክላ የሀብታም ዕቃ ነበር። ማጫወቻ ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ የሚቀመጥበት ሳሎን ይፈልጋል። የገጠሩ ሰው ሸክላ አልገዛም፤ የአዲስ አበባም ብዙው ሕዝብ የሰማው ከቡና ቤት ወይም ከጎረቤት ሬዲዮ ነው። ካሴት ሲመጣ ግን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ተሸክሞ የሚሄድ እረኛ አየን። ያን ያደረሰው መርካቶ ነው። በዚያን ጊዜ ዘፋኙ ማስተሩን ለሙዚቃ ቤት ይሸጣል፤ ሙዚቃ ቤቱ ያባዛል፤ አከፋፋዩ ይረከባል። ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ካሴቱንም በካርቶን ይዞ በአውቶቡስ ተራ በኩል ይመለሳል። ዘፈኑ አገር ያዳርስ አያዳርስ የሚታወቀው በጋዜጣ አይደለም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሞንታርቦው ይከፈታል፤ ኩሊው ሸክሙን እንደተሸከመ ቆም ካለ ዘፈኑ አለፈ፤ ካልቆመ ወደቀ። ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ የሌለው የሙዚቃ ሐያሲ አላውቅም።

በዚህ መንገድ አገር ያዳረሱትን እስኪ ቁጠሯቸው። ሙሉቀን መለሰ፣ አስቴር አወቀ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ቴዎድሮስ ታደሰ፣ ንዋይ ደበበ፣ ጸሐዬ ዮሐንስ፣ ሐመልማል አባተ፣ ኩኩ ሰብስቤ። ባቲና አምባሰልን ከወሎ ይዛ የመጣችው ማሪቱ ለገሠ። በኦሮምኛ አሊ ቢራ። ከዘፈኑ ወጣ ብሎ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ይሸጥ የነበረው መንዙማ፣ በራጉኤል በኩል ደግሞ መዝሙር። ይህ ሁሉ «ጨለማ» ከሚባለው ዘመን ካሴት ላይ ያለ ነው። ከጀርባ ሆኖ ብዙውን የተሸከመው ደግሞ ከአይቤክስ የተወለደው ሮሃ ባንድ ነበር፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ የሰላም ስዩም ጊታር፣ የዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ። ሮሃ ከሁለት መቶ በላይ ካሴት እንዳጀበ ይነገርለታል። የሶል ወዳጅ ሁሉ የሞታውንን የስቱዲዮ ባንድ፣ የስታክስን ቡከር ቲና ባልደረቦቹን በስም ያውቃል፤ አሜሪካኖች ስለ እነሱ ፊልም ሠርተዋል፣ መጽሐፍ ጽፈዋል። የእኛ አድማጭ የኤፍሬምን ዘፈን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል፤ በዘፈኑ መካከል የሚገባውን ጊታር ማን እንደሚመታው ግን አይጠይቅም።

«ኪቦርዱ ሙዚቃውን ገደለው» የሚለው ክስ ከሁሉም የሚያናድደኝ ነው። ትራምፔትና ሳክስፎኑ መሳሳታቸው እውነት ነው፤ እኔም ይናፍቀኛል። ነገር ግን የሌሊቱ ክበብ በሰዓት እላፊ ሲዘጋ፣ አሥራ ምናምን ሰው ያለው ኦርኬስትራ ማን ያብላው? አንድ ኪቦርድ የአምስት ሰው ደመወዝ አተረፈ። በእጁ ባለው ነገር አዲስ ድምፅ የሠራም ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። አገር ቤት መጣ፣ ተሸጠ፣ ተረሳ፤ ኃይሉም በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ከታክሲው ወርዶ የዓለም መድረኮች ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የተገኘው የ1969 ሸክላ ሳይሆን እኛ የናቅነው ካሴት፣ እኛ የናቅነው ኪቦርድ ነው። እሱንም ያስከበረልን የውጭ ሰው ሆነ።

ከዚሁ በሽታ የሚመነጭ ሌላ ልማድ አለ፤ ቅጽል ማደል። ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያ ኤልቪስ፣ አንዳንዴም የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን። ብዙነሽ የኢትዮጵያ አሬታ። ጄምስ ብራውንን በደንብ የሰማ ሰው ይህን አይልም። ጄምስ ብራውን ባንዱን በሙሉ ከበሮ አድርጎ የምቱን መጀመሪያ ይዞ የሚነዳ ሰው ነው፤ ቃሉ ቢጠፋብህ ምንም አይጎድልብህም። ዓለማየሁ ግን ከፀጉሩና ከሸሚዙ ሥር የአማርኛ ግጥም ተራኪ ነው፤ ቃሉን ካልሰማህ ግማሹን አልሰማህም። የጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ይብሳል። ሰውዬው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን መንፋት የጀመረው በ1950ዎቹ፣ ኦርኔት ኮልማንም አልበርት አይለርም ስማቸው ሳይሰማ ነው። የጃዝ ጸሐፊዎች ሲሰሙት ወደ አይለር አስጠጉት፤ እኛም ተቀብለን «የእኛው ፍሪ ጃዝ» አልን። ጌታቸው የወሰደው ግን ከጦር ሜዳ ጀግና ጉሮሮ ነው። ዘመድ መፈለግ ካስፈለገ፣ አይለርን የአሜሪካ ፎካሪ ብንለው ይሻላል።

መርካቶን ቅዱስ አላደርገውም። ዘፋኙን አገር ያዳረሰው ገበያ ኪሱን ያወለቀውም እሱው ነው። ካሴቱ በወጣ በማግስቱ ግልባጩ አጠገቡ ይሰለፍ ነበር፤ ዋጋው በግማሽ፣ ሽፋኑ ፎቶ ኮፒ። ዘፋኙ ማስተሩን አንዴ ከሸጠ፣ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ ሺህ ሺህ፣ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ካሴቱ ለሲዲ ቦታ እየለቀቀ ነበር። አጃቢው ደግሞ ከዘፋኙም ያነሰ ነው ያገኘው፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ እንኳ ያልሰፈረበት ጊዜ ብዙ ነው። «ወርቃማው ዘመን» የሚሉን ሰዎች ይህንን ቢያነሡ ኖሮ ትችታቸው ቁምነገር በኖረው። እነሱ ግን የሚጠሉት ዘረፋውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ሸክላና ካሴት ዕጣቸው የተለያየው። ሸክላ ምን አለሽ ተራ ላይ ብቅ ሲል ሰብሳቢ ይሻማበታል፤ ሻጩም ዋጋውን አውቆታል። እዚያው ጎኑ ያለው ካሴት ግን በኪሎ የሚታይ ቁራሽ ፕላስቲክ ነው። ክሩ እርጥበት ይጠላል፣ ሙቀት ይጠላል፤ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ማግኔቱ ይረግፋል። ሸክላ አቧራውን ብታብሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይዘፍናል፤ ካሴት ያን ያህል አይታገሥም። በየጓዳው ያሉት ማስተሮችም ዕድሜያቸው እየሄደ ነው፤ የቀዷቸው የድምፅ ባለሙያዎችም እንዲሁ። የትኛው ባንድ የትኛውን ካሴት እንዳጀበ፣ የት ስቱዲዮ እንደተቀዳ፣ ግጥሙን ማን ዜማውን ማን እንደሠራ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ውስጥ ናቸው። የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ማስተር ያላችሁ ሙዚቃ ቤቶች፣ ክሩ ሳይረግፍ ወደ ዲጂታል ገልብጡት፤ የአጃቢዎቹንም ስም አብራችሁ ጻፉ። የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ብራና በሚሰበስብበት ትጋት ካሴትም ይሰብስብ። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ሆይ፣ ለአንድ ወር ያህል ከ1975 በፊት የተሠራ ዘፈን አታጫውቱና የምትሉት ጨለማ ምን እንደሚመስል አሰሙን። አንተም አንባቢዬ፣ ቤትህ ካርቶን ሙሉ ካሴት ካለ ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት ሽፋኑን አውጥተህ አንብበው፤ ከዘፋኙ ስም ሌላ የተጻፈ ስም ካገኘህበትም ቅዳው።